ጓንት ለብርድ ብቻ አይደለም

«ለሞተረኛ ሄልሜት ይበቃዋል፤ ጓንት ለብርድ ነው፤ የቆዳው ደግሞ ውድ ነው፣ በአንድ ክረምትም ያልቃል» የሚል አስተያየት ታትሞ አነበብኩ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ቁልቁለት ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ይህን ቢያምን እጁን ለአደጋ ይሰጣል።

ሰው ሲወድቅ ሳያስበው የሚዘረጋው እጁን ነው። መዳፉ አስፋልቱን ይዞ ሲቀር ከአውራ ጣት ሥር ያለችው ትንሽ የአንጓ አጥንት ልትሰበር ትችላለች። ደም በደንብ ስለማይደርሳት ለመዳን ወራት ሊፈጅባት ይችላል። ሄልሜት ለዚህ ምን ያደርጋል? መዳፉ ላይ ጠንካራ ማንሸራተቻ ያለው ጓንት ግን እጁ ተይዞ እንዳይቀር፣ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

የአውሮፓው የሞተረኛ ጓንት ደረጃ፣ ኢኤን 13594፣ የመዳፉ ቆዳ በመፈተጊያ ማሽን ሳይበሳ ቢያንስ 4 ሰከንድ፣ ለከፍተኛው ደረጃ 8 ሰከንድ እንዲቆይ ይጠይቃል። የሱፍ ጓንት ለዚህ አልተሠራም።

«ያልቃል» ለተባለው፦ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ስፌቱ ነው። የራሰ ጓንት ከሰል ላይ ከደረቀ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ በጥላ ደርቆ ቅባት ከተቀባ ይከርማል። የደጋ በጎቻችን ሌጦ እኮ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ የዓለም ጓንት ሠሪዎች የሚፈልጉት ነው! ለሞተር ሲሆን መዳፉን መደረብ ያስፈልጋል።

ዋጋው እውነት ነው፣ ለወጣቱ ይከብዳል። ግን አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተርን በፈቃድ ከገደበች ወዲህ ብዙው ሞተረኛ የሚነዳው ለሥራ ነው። ስለዚህ ጓንቱን ይግዛ ሊባል የሚገባው ያሰማራው ድርጅት ነው።