«ባዶ መሬት»

«ባዶ መሬት» የሚሉት አነጋገር ደሜን ያፈላዋል። ስብሰባ ላይ ካርታ የሚዘረጋ ባለሙያ ሁሉ ሕንጻ ያልቆመበትን ቦታ በእስክሪብቶው ነካ ያደርግና «ይሄ እንኳ ባዶ ነው» ይላል። ለማን ነው ባዶው?

አንድ ወፍ ልጥራ። ፊቱ መላጣና ቀይ፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ ጥቁር ላባው ፀሐይ ሲነካው አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ። ሰሜናዊው መላጣ አይቢስ ይሉታል። ከሶርያ ጠፍቷል ከተባለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ፓልሚራ አጠገብ ካለው በረሃ ሰባት ብቻ ተገኙ። የተገኙትም ዘላኖችና አዳኞች ተጠይቀው ነው። በረሃው ባዶ ቢሆን ማን ይጠየቅ ነበር?

በ2006 ሦስቱ ላይ የሳተላይት መከታተያ ታሰረ። ሐምሌ ላይ ተነሡ። በሳዑዲና በየመን አልፈው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የት ቢያርፉ ጥሩ ነው? እኛው ዘንድ፣ መሀል ደጋ! ፓርክ እንዳይመስላችሁ፤ የገበሬው እርሻና ግጦሽ ላይ፣ ከከብቱ ጋር። የካቲት ላይ ደግሞ ለመራባት ወደ በረሃቸው ገደል።

እንግዲህ ይህ ወፍ በረሃው የሚስማማው ግማሽ ዓመት ነው፤ ግማሹን መስካችን ያኖረዋል። ዝናቡንና ሣሩን ቆጥሮ «እዚህ ይመቸዋል» የሚል የአንድ ወቅት ካርታ ግማሽ ውሸት ነው። በመሀል ያለውንም አያይም። መከታተያ የታሰረላቸው ወጣቶች ወላጆቻቸውን ተከትለው እኛ ጋ አልደረሱም፤ በዓረብ ምድር ሲንከራተቱ ጥይትና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይገድላቸው ነበር።

«ሰው እየተራበ ስለ ወፍ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጌታዬ፣ ወፉ ትል የሚለቅምበት መስክ እኮ በሬው የሚግጥበት ነው! መስኩ «ባዶ» ተብሎ ሲታጠር የሚፈናቀለው ወፉ ብቻ አይደለም። ገበሬው ያላረሰውን መሬት «ጦም አደረ» ነው የሚለው፤ ጦም የሚያድር ደግሞ ነፍስ ያለው ነው። ዲግሪ የጫንነው እኛ ነን «ባዶ» ያልነው።

በ2015 አይ ኤስ ፓልሚራን ሲይዝ፣ ወደ እኛ የሚያመጣውን መንገድ የምታውቅ የመጨረሻዋ ናት የተባለች ዘኖቢያ የምትባል አንዲት እንስት ነበረች። ሞሮኮ ውስጥ ዘመዶቿ ዛሬም አሉ፤ እነሱ ግን ወደዚህ አይመጡም። እኛ ዘንድ በከረሙባቸው በነዚያ ዓመታት እኔ ራሴ፣ ካረፉበት ደጋ ሳልርቅ፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ግጥም ውስጥ ስላሉ ወፎች አስተምር ነበር።