አንዱ አክሲዮን አሥር ሲሆን



ከወለድ ነፃ ባንኮች በአገራችን ከተከፈቱ ወዲህ ባለ ሱቁም፣ ሰሊጥ ነጋዴውም፣ ከዐረብ አገር የተመለሰችው እኅትም ጥቂት ጥቂት አክሲዮን መያዝ ጀምረዋል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ በመሆን የመጀመሪያው ነበር፤ ሂጅራ ባንክም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። በዚህም ምክንያት ቀድሞ በውጭ አገር ዜና ብቻ እንሰማው የነበረ ነገር ወደ ቤታችን ቀርቧል፤ እርሱም አክሲዮን መሸንሸን ነው። ወጣቶቻችን አንድ ጥሩ ጥያቄ ያነሳሉ፦ «የ1,000 ብር አክሲዮን አሥር ቦታ ተሸንሽኖ አሥር አክሲዮን ቢሰጠን፣ ሳንሠራ ያገኘናቸው ዘጠኙ ሪባ አይሆኑብንም ወይ?»

አይሆኑም፤ ምክንያቱም ምንም አልተገኘም። እዚህ ሳንጃ ሰሊጥ በኩንታል ይሸጣል። አንዱን ኩንታል አሥር አሥር ኪሎ በሚይዙ አሥር ከረጢቶች ብንገለብጠው ከረጢቱ ይበዛል እንጂ ሰሊጡ በአንዲት ፍሬ አይጨምርም። አክሲዮኑም እንዲሁ ነው። 20 ባለ 1,000 ብር አክሲዮን የነበረው ሰው 200 ባለ 100 ብር ይኖረዋል፤ ሁለቱም 20,000 ብር ነው። ከድርጅቱ ያለው ድርሻ፣ በጉባኤ ያለው የድምፅ ክብደት፣ የሚደርሰው ትርፍ አንዱም አይለወጥም። ሪባ ጭማሪ ነው፤ እዚህ ጭማሪ የለም። ሐራሙን መፈለግ የሚገባን ሌላ ቦታ፣ ማለትም ድርጅቱ በሚሠራው ሥራ ውስጥ ነው። በወለድ የሚያበድር ባንክ አክሲዮኑ ቢሸነሸንም ባይሸነሸንም ብያኔው ያው ነው።

ታዲያ ለምን ይሸነሽናሉ? አቅሙ አነስተኛ የሆነ ገዢ እንዲደርስበት ነው። ሙሉ ኩንታል መግዛት ያልቻለ ሰው አሥር ኪሎዋን ይገዛል። አንድ ድርጅት አክሲዮኑን በስንት እንደሚከፋፍል አስቀድሞ የሚወስነው ራሱ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምን እንይ። 100 ቢሊዮን ብር ካፒታሉ በ1 ቢሊዮን አክሲዮን ተከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ 100 ብር ተጻፈበት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ መሸጫው 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ሆነ፤ ይህም 9,900 ብር ማለት ነው። ካፒታሉ በ10 ቢሊዮን አክሲዮን ተከፍሎ ቢሆን መሸጫው 30 ብር በሆነ ነበር፤ ኩባንያው ግን አይተልቅም፣ አያንስም። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። የትንሹ ግዢ መጠን ዝቅ ቢል ብዙ ቤተሰብ ይገባበት ነበር የሚል ግምት አለን፤ ግምት ነው።

አክሲዮናቸውን ለረጅም ዘመን የያዙ ሰዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይነገራል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 አንዱን ሰባት፣ በ2020 አንዱን አራት አድርጎ ሸንሽኗል። ከ2014 በፊት አንድ የነበረው ሰው ዛሬ 28 አለው። ያበለጸገው ግን ስልክ ተሠርቶ መሸጡ እንጂ የአክሲዮኑ መሸንሸን አይደለም። በርክሻየር ሃታዌይ የተባለው ኩባንያ የ«ሀ» መደብ አክሲዮኑን ሸንሽኖ አያውቅም፤ ባለቤቶቹ ግን ከበለጸጉት ወገን ናቸው።

ከሁሉ የሚያስተምረው የሱዑዲ ዐረቢያው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 የዚያ አገር የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ከ20,600 በላይ ደርሶ ሳለ ድንገት መውደቅ ጀመረ። መንግሥት ትንሹ ሕዝብ እንዲገባ ብሎ በዚያው ዓመት በሚያዝያ የኩባንያዎቹን አክሲዮን ሁሉ ከ50 ሪያል ወደ 10 ሪያል አወረደው፤ አንዱ አምስት ሆነ። ገበያው ግን መውደቁን አላቆመም፤ በዓመቱ መጨረሻ መለኪያው ከ8,000 በታች ነበር። ዋጋው ረከሰ ብሎ በብድር የገባ ሰው ምን እንደደረሰበት ለመገመት አዋቂ መሆን አያሻም።

ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱብን ያስፈልጋል። ባንኮቻችን ትርፍን በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ወደ ካፒታል ሲያዞሩ ባለ አክሲዮኑ ተጨማሪ አክሲዮን ይደርሰዋል። ይህ ሽንሸና አይደለም፤ የራሱ ትርፍ ነው። ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንክ ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ካዘዘ በኋላ ባንኮች አዲስ አክሲዮን ይሸጣሉ። በዚህ ጊዜ የማይገዛው ነባር ባለ አክሲዮን ድርሻው በእርግጥ ይቀጥናል። በሽንሸና ግን ማንም አይቀጥንም። በአንድ አክሲዮን 200 ብር ትርፍ ይቀበሉ የነበሩ አዛውንት ከሽንሸና በኋላ 20 ብር ሲባሉ ተበላሁ ብለው ሊቆጡ ይችላሉ፤ ልጆቻቸው በአሥር አባዝተው ያስረዷቸው። ዘካም እንዲሁ ነው። ሊነግድበት የገዛና ኒሷብ የሞላለት ሰው በገበያ ዋጋው 2.5 በመቶ ያወጣል፤ ቁጥሩ ቢበዛ ዘካው አይበዛም። ለዘለቄታ የያዘው ግን በአሰላሉ ላይ ዑለማእ ስለተለያዩ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

ሽንሸና በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ ሚራስ ላይ ነው። አንድ አባት ዕዳው ተከፍሎ፣ ኑዛዜው ተፈጽሞ 20 አክሲዮን ቢተው፤ ወራሾቹም ሚስቱ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹና አንዲት ሴት ልጁ ቢሆኑ፣ በሱረቱ አን-ኒሳእ 11ኛና 12ኛ አንቀጾች መሠረት ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 2 አክሲዮን ተኩል ይደርሳታል። ከቀሪው 17 ተኩል ለወንዶቹ 7፣ 7፣ ለልጅቱ 3 ተኩል ነው። ተኩል አክሲዮን ግን በመዝገብ አይጻፍም። አሥር አሥር ቦታ ተሸንሽኖ 200 ቢሆን ኖሮ ለእናት 25፣ ለወንዶቹ 70፣ 70፣ ለልጅቱ 35 ሆኖ ያለ ጭቅጭቅ ያልቅ ነበር። ሽንሸና ግን የድርጅቱን መመሥረቻ ጽሑፍ የሚያስለውጥ የጉባኤ ውሳኔ ይፈልጋል፤ አንድ ቤተሰብ ስለፈለገው አይሆንም።

በዚህ ጊዜ ነው «አንቺ 3 ይበቃሻል፤ ግማሿ ምን ታደርግልሻለች?» የሚባለው። ሁልጊዜ የምትሸራረፈው የእኅት ወይም የእናት ድርሻ መሆኗ ያስገርመናል። ያቺ ግማሽ የአላህ ድንበር ናት፤ በየዓመቱም ትርፍ ታስገባለች። መንገዱ አልጠፋም። ከእናትና ከልጅ ተኩል ተኩሉ አንድ ሙሉ አክሲዮን ስለሚሆን ተስማምተው በጋራ ሊይዙትና አንዳቸውን ወኪል ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ወይም ያ አክሲዮን ተሽጦ ገንዘቡን ይካፈሉ፤ ወይም ከወራሾቹ አንዱ ይግዛቸው። የሚገዛው ግን በዕለቱ መሸጫ ዋጋ እንጂ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው አይሁን። 100 ብር ተጽፎበት በ300 ብር የተሸጠውን የቴሌን አክሲዮን ያስታውሷል። ወላሁ አዕለም።