በጣና ላይ አውሮፕላን ከማሳረፋችን በፊት

ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ከለማ ወዲህ፣ በጣና ውኃ ላይ የሚያርፍ አነስተኛ አውሮፕላን የማሰማራት ሐሳብ በተማሪዎች ውይይት ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል። ምሳሌ ሆና የምትጠቀሰውም ማልዲቭስ ናት። ምሳሌው ማንን እንደሚያገለግል ሳይመረመር መቀዳቱ ግን ስሕተት ይመስለኛል።

በማልዲቭስ በውኃ ላይ የሚያርፉት ትዊን ኦተር አውሮፕላኖች በአብዛኛው የሚያመላልሱት የመዝናኛ ደሴቶችን እንግዶች ነው፤ የአገሬው ሰው ይበልጡን የሚጓዘው በጀልባ ነው። በረራውም በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ይህ ሥርዓት እንዳለ ወደ ደቅ ደሴት ቢመጣ ጎብኚውን ናርጋ ሥላሴ ያደርሰው ይሆናል። ሌሊት ምጥ የያዛትን የደቅ እናት ግን ሐኪም ዘንድ አያደርሳትም።

የከፍታውም ጉዳይ አለ። ማልዲቭስ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ ጣና ግን ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። አየሩ ሲሳሳ የክንፉ የማንሣት ኃይል ይቀንሳል፣ ለመነሣት የሚያስፈልገውም ርቀት ይረዝማል። የተንሳፋፊ እግሮቹ ክብደትና የውኃው መጎተት ሲታከሉበት፣ በተለይ በሞቃት ቀትር፣ ከተሳፋሪው ወይም ከነዳጁ መቀነስ ግድ ሊሆን ይችላል። ተሳፋሪ ሲቀነስ የአንዱ መቀመጫ ዋጋ ይንራል። በነፋስ እየተገፋ ቦታ የሚለዋውጠው እምቦጭ ደግሞ ትናንት ንጹሕ የነበረውን መነሻ ዛሬ ሊሸፍነው ይችላል።

አውሮፕላን የደሴት ነዋሪን ፈጽሞ አያገለግልም ማለቴ አይደለም። በስኮትላንድ፣ ባራ በተባለች ደሴት፣ ያው ትዊን ኦተር ማዕበሉ ሲሸሽ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ያርፋል፤ መስመሩ የቀጠለው ግን መንግሥት የሕዝብ አገልግሎት ነው ብሎ ስለሚደጉመው ነው። እዚያ ወሳኙ ነገር የተገባው ግዴታ ነው። እኛ ዘንድ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደቅ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚዘልቀው የሕዝብ ጀልባ ለብዙ ዓመታት የተመላለሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር። ከጅቡቲ በየብስ ተጭና የተጓጓዘችው ጣናነሽ 2 ብዙዎቻችንን አስደንቃናለች (ተራራ የወጣች መርከብ ማየት በእርግጥ ያስደንቃል)፤ በየትኛው ቀን ደቅ እንደምትደርስና በስንት ብር እንደምትጭን የጠየቀ ግን እምብዛም አልሰማሁም።

ለእኛ ለወሎዎቹ ልዩነቱ ግልጽ ሊሆን ይገባል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተመሠረተበት ደሴት ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ከሐይቅ ከተማ በደሴ በኩል እስከ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያም መኪና ይሄዳል። ደቅ ይህ ሁሉ የለውም። ሆኖም በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ተደራሽነትን የምንለካው ከአስፋልት ባለው የኪሎ ሜትር ርቀት ነው። በዚህ መለኪያ ደቅ ቅርብ ሊመስል ይችላል። የደቅ ርቀት መለካት ያለበት በጥበቃ ነው፦ አንድ በሽተኛ ከታመመበት ሰዓት አንሥቶ የሚቀጥለው ጀልባ እስኪነሣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን ይጠብቃል? ይህ ቁጥር ከተገኘ በኋላ፣ ሌት ተቀን ደቅ ላይ የሚቆም የሞተር ጀልባና አንድ አውሮፕላን በየብራቸው ምን ያህሉን ጥበቃ እንደሚያሳጥሩ ማወዳደር ይቻላል።