600 ዘፈን በአንድ ቪዲዮ ዋጋ፦ ጊታር ከስልክ ስንማር ምን እየተማርን ነው?

ጊታር መማር ረክሷል። ጊታሩን ራሱን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ብሩ በወረደ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። የረከሰው "ይሄ ዘፈን እንዴት ነው የሚመታው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘቱ ነው። ድሮ ለዚህ መልስ ወይ አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት፣ ወይ ባንድ ውስጥ ያለ ሰው ማወቅ፣ ወይ ካሴት እያጠነጠኑ ማደር ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ይፋግ የተቀመጠ ልጅ ስልክና አንድ አሮጌ ጊታር ካለው መጀመር ይችላል። ጥሩ ነው። ግን ርካሽ የሆነው የማን ዘፈን ነው? ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ዘፈን ከጆሮ የሚማር ሰው ሦስት ችግር አለበት። ዘፈኑ ይፈጥንበታል፣ የጊታሩ ድምፅ ከሌላው መሣሪያ ጋር ይደባለቅበታል፣ ያገኘውን ደግሞ ነገ ይረሳዋል። ሶፍትዌር ሦስቱንም ያቃልላል። ዩትዩብ ራሱ የድምፁን ከፍታ ሳይቀይር ፍጥነቱን እስከ ሩብ ድረስ ያወርዳል። ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አንዷን ሐረግ ነጥሎ መቶ ጊዜ ይደጋግምላችኋል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲሶቹ ደግሞ ድምፃዊውን፣ ከበሮውንና ቤዙን ለየብቻ ያወጣሉ። የተገኘውን ጽፎ ለማስቀመጥ "ታብ" አለ፦ ስድስት መስመር ለስድስቱ ክር፣ በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣት የሚያርፍበትን ፍሬት ይናገራል። ኖታ ማንበብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ።

የዶላሩ ጉዳይ

ታብ ለመጻፍና ለማጫወት በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ፕሮግራም የፈረንሳዩ ጊታር ፕሮ ነው፤ ዋጋው 70 ዶላር አካባቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሳይለቀቅ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ፕሮግራሙ ወደ 4,000 ብር ይመጣ ነበር ማለት ነው። ዶላሩ 120 ብር ሲያልፍ ያው ፕሮግራም ከ8,400 ብር በላይ ሆነ። ፕሮግራሙ ላይ አንድም ነገር አልተጨመረም። ደግሞ ብሩ ቢኖር እንኳ አብዛኛው ወጣት በኢንተርኔት ወደ ውጭ የሚከፍልበት ካርድ የለውም።

ስለዚህ ሰው ሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ የተሰበረ ኮፒ ከቴሌግራም አውርዶ ቫይረሱንም አብሮ መጫን ነው። ሌላው ነጻ የሆኑትን መጠቀም ነው። ቱክስ ጊታር የጊታር ፕሮ ፋይሎችን ይከፍታል፣ ሙዝስኮር ኖታም ታብም ይጽፋል፣ ኦዳሲቲ ድምፅ ያርማል። ሦስቱም በነጻ የሚወርዱ፣ ኮዳቸው ለማንም ክፍት የሆነ ናቸው። ዶላር ሲወደድ ዋጋቸው የማይነካ ዕቃ ብዙ አይደለም፤ እነዚህ ግን ከዚያ ውስጥ ናቸው።

የርቀት ጉዳይ

ይፋግ በሲራራ ንግድ ዘመን ስሟ የታወቀ የገበያ ቦታ ነበረች። የዚያ ዘመን መገበያያ አሞሌ ጨው ነበር፤ አሞሌ ደግሞ ከመገኛው በራቀ ቁጥር ይወደድ ነበር። የአጋሰሱ ድካም፣ ኬላው፣ ሽፍታው ሁሉ ዋጋው ላይ ይደመር ነበር። ዲጂታል ፋይል ርቀት የለውም ይባላል። እውነት ነው፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ።

እዚህ አካባቢ ግን ኔትወርክ "እስካለ ድረስ" የሚባል ነገር እንደሆነ በደንብ እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ጉዳይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ለወራት ጠፋ። ዕውቀታችሁን በሙሉ ዩትዩብ ላይ ካስቀመጣችሁ፣ ኔት ሲጠፋ አስተማሪያችሁም አብሮ ይጠፋል። ርቀቱ ከነኬላው ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። ጥራቱ ዝቅ ያለ የ10 ደቂቃ የማስተማሪያ ቪዲዮ በግምት 30 ሜጋባይት ይበላል። አንድ ዘፈን የተጻፈበት የታብ ፋይል 50 ኪሎባይት አካባቢ ነው። በአንዱ ቪዲዮ ዳታ 600 ዘፈን ይወርዳል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፋይሉ አንዴ ከወረደ ኔት አይፈልግም፤ በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ፓኬጅ በብር ለሚገዛና ኔት ለሚቋረጥበት ሰው ቪዲዮ የቅንጦት ዕቃ ነው፤ ታብ ግን እንደ ደረቅ ስንቅ ነው፣ አይበላሽም።

ታዲያ 600ዎቹ ዘፈኖች የት አሉ?

ችግሩ ይሄ ነው። ጊታር ፕሮ ከወጣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ያሉ ጊታሪስቶች እጅግ ብዙ ዘፈን ጽፈው አከማችተዋል። የእንግሊዝኛ ሮክ ከፈለጋችሁ አንዱን ዘፈን በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ታገኛላችሁ። የሮሃ ባንዱን ሰላም ሥዩምን የጊታር አመታት ፈልጉ እስቲ። የግሩም መዝሙርን ፈልጉ። የምታገኙት በአብዛኛው ሰው በስልክ የቀረጸው የእጅ ቪዲዮ ነው፤ የተጻፈ ነገር ብርቅ ነው።

ምክንያቱ ባህላችንን ስለማንወድ አይደለም። የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ይህንን ጉዳይ ያውቁታል። ዘፈን አድምጦ በትክክል መጻፍ ከባድ ቋሚ ወጪ አለው፤ ለአንድ ዘፈን ሁለት ሦስት ማታ ይፈጃል። ከተጻፈ በኋላ ግን አንድ ተጨማሪ ኮፒ ምንም አያስወጣም። ጸሐፊው ብቻውን ይደክማል፣ ሌላው በነጻ ይጠቀማል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው ወይ ብዙ ሰው ስላለ ጥቂት ፈቃደኞች ሲገኙ ነው፣ ወይ አንድ ተቋም ወጪውን ሲሸከም ነው። የእንግሊዝኛው ዓለም የመጀመሪያው አለው። እኛ እስካሁን ሁለቱም የለንም።

ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም። ጀማሪ ልጅ የሚማረው የወደደውን ሳይሆን የተጻፈውን ነው። ትዝታ እየሰማ ያደገ ልጅ ጣቱ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጥለት የለንደን ወይም የካሊፎርኒያ ዘፈን ይሆናል። ያንን መማሩ አይከፋም። ምርጫው ግን የእሱ አልነበረም።

ሶፍትዌሩ "ፋ ማይነር" ሲላችሁ

ሁለተኛው ችግር ሶፍትዌሩ የራሱ ጆሮ ያለው መሆኑ ነው። ዘፈን አስገብታችሁ ኮርዱን የሚነግሯችሁ መተግበሪያዎች የተሠሩት ለባለ ሰባት ድምፅ የምዕራብ ሙዚቃ ነው፤ ሁሉንም ነገር ሜጀር ወይም ማይነር ብለው ይፈርጃሉ። አምባሰልን ስጧቸው። ከዶ ብንጀምር የአምባሰል ድምፆች ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ቤሞል ናቸው። ሚ የለም። ዶን ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ሚ ነው፤ እሱ ከሌለ መተግበሪያው ዶን ቤቱ አድርጎ ማየት ያቅተዋል። ከአምስቱ ድምፆች ውስጥ ግን ፋ ማይነርን እና ሬ ቤሞል ሜጀርን መሥራት ይቻላል። ስለዚህ "ዘፈኑ በፋ ማይነር ነው" ይላችኋል። ተከትላችሁት ስትመቱ ድምፁ አይጋጭም፣ ግን አምባሰል አምባሰል አይልም፤ ማረፊያው ጠፍቷላ።

ምቱም እንደዚያው ነው። አዲስ ፋይል ስትከፍቱ ፕሮግራሙ አራት በአራት ብሎ ይጠብቃችኋል። ችክችካ ግን ስድስት በስምንት ነው። ይህን ሳይቀይር የጻፈ ሰው ዘፈኑ በየመስመሩ ይሰበርበታል፣ ከዚያም "የእኛ ሙዚቃ አይጻፍም" ብሎ ይደመድማል። ይጻፋል። መጀመሪያ ግን ሁለት ቁጥር መቀየር አለበት።

ሦስተኛ ነገር፣ ካሴት። በኢንተርኔት የምናገኛቸው የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ዘፈኖች ብዙዎቹ ከካሴት የተገለበጡ ናቸው። ካሴቱ ሲገለበጥ 3 በመቶ ብቻ ቢፈጥን ዘፈኑ በሁለት ፍሬት መካከል ይወድቃል። ጀማሪው ጊታሩን በስልክ ቱነር በትክክል ቃኝቶ ከዘፈኑ ጋር ሲሞክር አይገጥምለትም፤ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል፣ ጊታሩን ያስቀምጣል። መፍትሔው ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ በኦዳሲቲ የዘፈኑን ድምፅ ትንሽ ማውረድ ወይም ማውጣት።

የመሣሪያ መለያዎቹንም እንይ። የፈረንሳዩ ዲዘር በ2019 እ.ኤ.አ. በነጻ የለቀቀው ስፕሊተር ዘፈንን በአራት ሲከፍል ድምፃዊ፣ ከበሮ፣ ቤዝ እና "ሌላ" ይላቸዋል። መሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት "ሌላ" ውስጥ ናቸው። ጊታሩም እዚያው ነው። ማሽኑ ተንኮል የለበትም፤ የተማረው ከተሰጠው ዘፈን ነው። ያልተሰጠውን ሊያውቅ አይችልም።

ከጋይንት የሚመጣ ትምህርት

"ሙዚቃ በምልክት መጻፍ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ካለ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ፣ ሁለቱም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ናቸው። የዜማው ምልክት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራ እና በአዛዥ ራጉኤል እንደተሠራ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ይዘት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያሉ የድምፁን አካሄድ ከፊደሉ በላይ ያስቀምጣሉ።

ከዚያ ትምህርት ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ። ምልክቱ መምህሩን አይተካም። ተማሪው ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፣ ምልክቱ ደግሞ የተቀበለውን እንዳይረሳና እንዳያፋልስ ይጠብቀዋል። ታብም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ጣት የት እንደሚያርፍ ይናገራል፤ ክሩ እንዴት እንደሚሳብ፣ ድምፁ የት እንደሚሰበር አይናገርም። መሲንቆ ፍሬት የለውም፣ የጎንደር አዝማሪ በድምፆቹ መካከል እንደልቡ ይንሸራተታል፤ ያንን በቁጥር የሚይዝ የለም። ስለዚህ ፋይሉ ብቻውን ይዋሻል። ፋይሉና ጆሮ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ትምህርት ይሆናል።

"ታዲያ ጆሮ ካስፈለገ ለምን እንደ አዝማሪዎቹ በጆሮ ብቻ አንማርም?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን አዝማሪው የተማረው ከአባቱ፣ ከአጎቱ፣ ከቤቱ ነው። ሙያው በቤተሰብ የሚተላለፍ ነበር፤ ማኅበረሰቡም ዘፈኑን እየወደደ ሙያውን ይንቅ ስለነበር ከውጭ የሚገባበት ብዙም አልነበረም። አዝማሪ አባት የሌለው ልጅ፣ በተለይ ደግሞ ማታ ወጥታ ከባንድ ጋር መለማመድ የማይፈቀድላት ልጅ፣ በጆሮ ብቻ ተማሪ ስትባል ከማን ትስማ? ለእሷ ዘፈኑን አዘግይቶ የሚደጋግምላት ስልክ ትልቅ ነገር ነው። ሳይሰለች ይደግማል፣ አይስቅባትም።

ምን ይደረግ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራምን ሲያስጀምር ወጣቱ ዲጂታል ክህሎት ይኑረው አለ። እሺ፣ መልካም። ግን ክህሎት የሚሠራበት ነገር ይፈልጋል። ዘፈን መጻፍ አንዱ ነው፦ ውጤቱ ወዲያው ይሰማል፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚጠቀምበትም ሰው አለ።

ተቋሙ ወጪውን ይሸከም ካልን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ ለልምምድና ለፈተና በየዓመቱ ዘፈን ያደምጣሉ፣ ይጽፋሉ። ያ ሥራ መሳቢያ ውስጥ ከሚቀር በነጻ ፋይል ቢለቀቅ ተጨማሪ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የአካባቢውን ዜማ ለመሰብሰብ ከእሱ የቀረበ የለም።

ተቋም እስኪነቃ ደግሞ እኛው እንጀምር። ከባህላዊ ዜማዎችና ከአራቱ ቅኝቶች ልምምድ ብንጀምር ባለቤትነት ላይ ጭቅጭቅ የለም። የታወቀ ደራሲ ያለውን ዘፈን ግን ማሰራጨት ከፈለግን ፈቃድ እንጠይቅ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወረቀት ላይ ብቻ እንዲቀር የምናደርገው እኛ መሆን የለብንም። እያንዳንዱ ፋይል ላይ ቅኝቱ፣ የምቱ ዓይነት፣ ከየትኛው ቅጂ እንደተደመጠና ቅጂው ከመደበኛው ምን ያህል እንደሚርቅ ይጻፍ። የሚሳሳት ይኖራል፣ ቀጣዩ ያርመዋል። የእንግሊዝኛው ክምችትም የተሠራው እንደዚሁ ነው፤ አምስቱ አጻጻፍ የመጣው አራቱ ስለተሳሳቱ ነው።

20 ሰው በወር አንድ አንድ ዘፈን ቢጽፍ በሁለት ዓመት ተኩል 600 ይሞላል። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ አይበልጥም፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ኔት ቢጠፋም፣ ዶላር ቢወጣም፣ ይፋግ ያለው ልጅ ትዝታን ከስልኩ ከፍቶ ይለማመዳል።