የሸማኔው ድርሻ ስለ ምን አነሰ?

የሙግቱ ነጥብ፦ በአዲስ አበባ በመርካቶ ባለው በሸማ ተራ ገበያ ከጋሞ ደጋ የመጣው ሸማኔ ለድካሙ የሚያገኘው ዋጋና ክብር ያነሰው ወገኑ ስለ ተናቀ ነውን? ቀዳማዊው ጸሐፊ አይደለም ሲሉ ይሟገታሉ፤ ካልዕቷ ጸሐፊት ነው ይላሉ።

የቀዳማዊው ጸሐፊ ቃል

በአንድ ሕዝብ ላይ በደል ደርሷል ብሎ የሚናገር ሰው አስቀድሞ የዚያን ሕዝብ ብዛት፣ የሚኖርበትን ስፍራና የሚተዳደርበትን የሥራ ጠባይ መርምሮ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ያለዚያ ግን ቍጣው ምንም ያህል ከቅን ልቡና ቢመነጭ የተበደለውን ሰው ከበደሉ ሊያወጣው አይችልም። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ፣ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከሆነው የኢትዮጵያ ሕዝብ መካከል ጋሞ ነኝ ብሎ የተቈጠረው 1,104,360 ሰው፣ ማለት ከመቶ አንድ ተኩል እንደ ነበረ ያስረዳል፤ በአዲስ አበባም ከ2,739,551 ነዋሪ የጋሞ ተወላጅ ከመቶ 1.68፣ ይኸውም ወደ 46,000 ሰው ያህል ነበር። እንግዲህ ከጨንቻ፣ ከዶርዜና ከዶኮ ወርዶ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ የሰፈረው ይህ ወገን በቍጥር እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከተማይቱ በበዓል ቀን ነጭ ለብሳ ስትወጣ ከለበሰችው ሸማ ብዙው ያለፈው በእርሱ እጅ ነው። ጥቂት ሆኖ ብዙ የሚሠራ ባለሙያ ለሥራው ራሱ ዋጋ ሊቈርጥ ሲገባው ስለ ምን አልቻለም?

ብዙ ሰዎች «ስለ ተናቀ ነው» ብለው ይመልሳሉ፤ እኔ ግን መልሱን በገበያው አሠራር ውስጥ አገኘዋለሁ። ሸማ የበዓል ሸቀጥ ነው። ለዘመን መለወጫና ለመስቀል፣ ለገናና ለጥምቀት፣ በጥርና በሚያዝያም ለሠርግ ገዢው ይበዛል፤ ክረምቱ ሲከብድ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ ሠርግ ሲቀር፣ ገበያው ይቀዘቅዛል። በዚያ ጊዜ ባለሱቁ ነጠላውንና ጋቢውን አጣጥፎ በመደርደሪያው ላይ አኑሮ መጪውን በዓል ሲጠብቅ፣ የሳምንቱን ቀለብና የወሩን የቤት ኪራይ መክፈል ያለበት ሸማኔ ግን በእጁ ያለውን በተጠራለት ዋጋ ይለቃል። ከዚህም ሁሉ የሚከፋው፣ ድሩንና ማጉን፣ ለጥለቱ የሚሆነውንም ባለቀለም ክር በዱቤ የሚወስደው ሸማውን መልሶ ከሚያስረክበው ከዚያው ነጋዴ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ያ ሸማ ገና መወርወሪያ ሳይነካው የተሸጠ ሸማ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የገባ ሰው የየትኛውም ወገን ልጅ ቢሆን ድርሻው ያንሳል።

ለዚህም ከዚያው ከመርካቶ ምስክር ላቅርብ። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ሲያዛውር፣ ጉራጌው በከተማይቱ ሰው ዓይን ሸክም ተሸካሚና የቀን ሠራተኛ ነበር። ያ ወገን ከበረንዳ ንግድ ጀምሮ፣ በዕቁብ ገንዘብ እያጠራቀመ፣ ወንድም ወንድሙን ከአገር ቤት እየሳበ፣ ከነጻነት በኋላ የመርካቶ ሱቆች ባለቤት ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም.ም ከአዲስ አበባ ነዋሪ ከመቶ 16.34 ሆኖ ተቈጥሯል። ንቀቱን ያራቀለት ጥሪት ነው። በአንጻሩ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ያወጁት አዋጅ ለንጉሠ ነገሥቱ ታላቅ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም፣ ስድብን ከለከለ እንጂ ለሸማኔው ክር አልገዛለትም።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሸማኔዎች በማኅበር ሆነው የክር መጋዘን እንዲያቋቁሙ፣ በቀዝቃዛው ወራት ሸማቸውን አስይዘው ብድር እንዲያገኙ፣ ከደጋው እየመጡ በሽመና ጕድጓድ የሚቀመጡት ሕፃናትም ወደ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ነገር ግን በጓዳ፣ በዘመድ ስም፣ ያለ ውል የሚሠራውን ልጅ ማንም ተቈጣጣሪ ገብቶ አያየውም። የሕፃኑ ጕልበት በነጻ እስከ ተገኘ ድረስ የአባቱ ጕልበት ዋጋ ሊያገኝ አይችልም።

የካልዕቷ ጸሐፊት ቃል

የተከበሩት ወንድሜ ስለ ክር፣ ስለ ዱቤና ስለ ወራቱ የጻፉትን በጥሞና አነበብሁ፤ በዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ ግን አንድ ጊዜ እንኳ የሸማኔው ፊት አልታየኝም። እኔ በሸማ ተራ ያደግሁ ነኝ፤ ስለዚህም የማውቀውን እናገራለሁ።

ከእኛ ደጃፍ አጠገብ በነበረ አንድ ሱቅ፣ ጠጕራቸው የነጣ ሽማግሌ ሸማኔ የሠሩትን በማዳበሪያ ጠቅልለው ይዘው ይመጡ ነበር። የሱቁ ልጅ፣ ገና ጢሙ ያልበቀለው፣ ለገዢ እመቤት ወንበር አቅርቦ «ይግቡ፣ እትዬ» ሲል፣ እኒያን አባት ግን «አንተ፣ እዚያው ቁም» ይላቸው ነበር። ሸማቸውን ዘርግቶ ወደ ብርሃን እያነሣ እንከን ይፈልጋል፤ የላላውን ክርና የሳሳውን ዳር በጣቱ እያሳየ እርሳቸው ከጠሩት ዋጋ ግማሹን ይጠራል፤ እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው ገንዘቡን ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ፣ ሽማግሌው ገና ከመንገዱ ሳይታጠፉ፣ ያው ልጅ ያንኑ ሸማ በእመቤቲቱ ትከሻ ላይ አሳርፎ «እንዲህ ያለ እጅ ከየት ይገኛል!» እያለ ያወድሰዋል። እጁን በአንድ ሰዓት ውስጥ የናቀውና ያወደሰው አንድ ሰው ነው። ልጁ ሽማግሌውን «አንተ» እንዲል ያዘዘው የትኛው የክረምት ገበያ ነው? የትኛውስ የክር ዱቤ ነው ወንበሩን የነፈጋቸው?

ይህ ነገር በሱቅ ደጃፍ ብቻ የሚቀርም አይደለም። በሰፈራችን የተማረ፣ ደመወዝ ያለው፣ ጨዋ ወጣት አንዲት ልጅ ወዶ ሽማግሌ ላከ፤ የልጅቱ ዘመዶችም እንደ ወጉ ሰባት ቤት ሲቈጥሩ አያቱ ከዶርዜ መጥተው በሽመና ይተዳደሩ እንደ ነበር ሰሙ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የተላኩት ሽማግሌዎች ደጁ ተዘጋባቸው። ያ ወጣት ከማንም ክር አልተበደረም፤ ጥሪትም አላነሰውም። የጐደለው ነገር በእነዚያ ሰዎች ልቡና ውስጥ ያለው ስፍራ ነው።

ደግሞም ይህን የሚያደርጉት እሑድ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ምእመናን መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል። በኦሪት ዘጸአት የመገናኛውን ድንኳን እንዲሠሩ የተመረጡት ባስልኤልና ኤልያብ የሽመናን ጥበብ ጭምር ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተቀበሉ ተጽፏል፤ ብርሃነ ዓለም ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር ነበር፤ መድኃኔ ዓለም በተሰቀለ ጊዜ ጭፍሮቹ ዕጣ የተጣጣሉበት እጀ ጠባብ ከላይ እስከ ታች ያለ ስፌት የተሠራ የሸማኔ ሥራ ነበር። ተግባረ እድን ማዋረድ እንግዲህ ከየትኛው መጽሐፍ ተገኘ? በጎንደር አውራጃ ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍጓቸው በብረት ሥራ፣ በሸክላና በሽመና ሲተዳደሩ «ቡዳ» እየተባሉ ዘመናት ያለፉት በዚሁ ልማድ ነው፤ ንቀቱ ሳያልቅም በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ አገሩን ጥለው ወጡ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በብሔሩ፣ በትውልዱ ወይም በሌላ አቋሙ ሳይለይ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ ባለበት አገር፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ከሞቱትና ከቤታቸው ከተፈናቀሉት ሰዎች ብዙዎቹ የጋሞና የዶርዜ ተወላጆች ነበሩ። የሙታኑ ወሬ አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ፤ የጋሞ ሽማግሌዎችም እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቱ ፊት ተንበርክከው መለሱት። ሌላው ወገን በዚያ ቀን በእነዚያ አረጋውያን ጕልበት ምክንያት ከደም ዳነ። እንደነዚህ ያሉ አባቶች የሚወጡበትን ሕዝብ በሱቅ ደጃፍ «አንተ» ብለን የምናቆም እኛ ማን ነን?

የቀዳማዊው ጸሐፊ መልስ

እኅታችን በጽሑፌ ውስጥ የሸማኔው ፊት እንዳልታያቸው ተናገሩ። ይህን ነቀፌታ በትዕግሥት ልቀበለው አልቻልሁም፤ ፊቱን በማሳየት ዕዳው የሚከፈልለት ቢሆን ኖሮ በሸማ ተራ ያለ ሰው ሁሉ በየቀኑ ስለሚያየው እስከ ዛሬ ባለጸጋ በሆነ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ለምስክርነት መጥራታቸውንም አልነቅፍም፤ ሆኖም ባስልኤል የሠራበትን ወርቅና ሐምራዊ ግምጃ ሕዝቡ በፈቃዱ አዋጥቶ እንዳቀረበለት በዚያው መጽሐፍ ተጽፏልና፣ የእኛም ሸማኔ ክሩን የሚያቀርብለት ማኅበር እንዲያገኝ መሟገቴ ከመጽሐፉ የራቀ አይመስለኝም።

ንቀት የለም አላልሁም። ንቀት ግን በየስፍራው አለ፤ በየስፍራው ያለ ነገርም የአንድን ገበያ ዋጋ ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። በጋሞ ደጋ፣ በገዛ አገሩ፣ ሸማኔው «ማላ» ከሚባለው ባለርስት ወገን ሆኖ የተከበረ ነው፤ በዚያ የሚናቁት ሸክላ የሚሠሩት «ማና» እና ቆዳ የሚፍቁት፣ ብረት የሚቀጠቅጡት «ደጋላ» ናቸው፤ ከእነርሱም ጋር ጋብቻ አይደረግም ነበር። እነዚህን ሰዎች ከቀድሞው ኑሯቸው በጥቂቱም ቢሆን ያነሣቸው በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሊያርስ የሚፈቅድ ሰው ሁሉ መሬት እንዲያገኝ መደንገጉ ነው። ከመንዝ የመጣውም ሸማኔ፣ አማራ ሆኖ ሳለ፣ ጋቢውን ይዞ በዚያው ደጃፍ ይቆማል፤ ለእርሱም ዋጋው ያው ነው። ስለዚህ እደግመዋለሁ፤ መሬት ለገበሬው፣ ክርና ብድር ለሸማኔው።

የካልዕቷ ጸሐፊት መልስ

ወንድሜ ከጻፉት ሁሉ ልቤን ያቈሰለው ስለ ጉራጌው የተናገሩት ነው። ተንቆ የነበረ ሕዝብ ሱቅ በከፈተ ጊዜ ተከበረ ብለው ሲመሰክሩ፣ የመሰከሩት ለገንዘብ ኃይል ብቻ እንጂ ለከተማይቱ ሰው ርትዕ አይደለም፤ ያ ሰው ሸክም ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ በነበረ ጊዜ ከነጋዴው ያነሰ የእግዚአብሔር ፍጡር አልነበረምና። የሰው ክብር ጥሪት እስኪገኝ የሚቆይ ነገር ከሆነ፣ ጥሪት ሳያገኝ የሚሞተው እንደ ተዋረደ ይሙት ማለት ነው። ይህን ቃል ለመቀበል የክርስቲያንም የእስላምም ሃይማኖት አይፈቅድልኝም።

ደግሞ «እንደ ጉራጌው አጠራቅሙ» የሚለው ምክር ጥፋቱን በሸማኔው ትከሻ ላይ ይጭናል። ጕድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እግሩ በብርድ እየደነዘዘ፣ ከንጋት እስከ ማታ መወርወሪያ የሚወረውር ሰው ስንፍና ያለበት ይመስላልን? የእርሱን ዕቁብ የበላው በየቀኑ ከዋጋው ላይ የምንቈርጥበት ግማሽ ነው፤ ያን ግማሽ ስንቈርጥም «ለእርሱ ይበቃዋል» እያልን ነው። ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚበቃው የሚወስን ፍርድ በመዝገብ አይጻፍም፤ ስለዚህም በቈጠራ አይገኝም።

ማኅበሩ ይቋቋም፤ ብድሩም ይሰጥ፤ ሕፃናቱም ከጕድጓድ ወጥተው ይማሩ፤ ይህን ሁሉ በሙሉ ልቤ እሻለሁ። ዳሩ ግን የማኅበሩን ሊቀ መንበርነት፣ የመጋዘኑን ቍልፍና የብድሩን መዝገብ ሸማኔዎቹ ራሳቸው እንዲይዙ ወንድሜ ከእኔ ጋር አብረው ይጠይቁ። ያን ጊዜ «እነርሱ መዝገብ መያዝ የት ያውቃሉ» የሚሉ ሰዎች ከየአቅጣጫው ይነሣሉ፤ ከሸማ ተራ ነጋዴዎች ብቻ ሳይሆን ከተማሩትና ከባለሥልጣናቱም ወገን ይነሣሉ። ወንድሜ ለእነዚያ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ከቈጠራው መዝገብ ሊገኝ አይችልም፤ ሸማኔው ሰው ነው፣ ከማንም አያንስም ብለው ፊት ለፊት መናገር ይኖርባቸዋል፤ ያንንም ዛሬ፣ ማኅበሩ ሳይቋቋም፣ ቢናገሩት ምን ይጐድላቸዋል?