ጠገራ ብር በሚዛን ብቻ?

ድሬዳዋ ላይ ጠገራ ብር ለብር ሠሪ ሲቀርብ ሚዛን ላይ ይወጣና ሒሳቡ በግራም ያልቃል። ያልተበላ ማሪያ ትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ የብር ማዕድኑ 23.4 ግራም ገደማ ነው። ስሌቱ ለአቅላጭ ትክክል ነው። ለሰብሳቢ ግን ገና ጅምር ነው።

ሁሉም ላይ 1780 የሚል ዓመት ቢኖርም የተመቱበት አገር ይለያያል። ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ብትሞትም ቪየና መምታቷን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮማ ላይ አስመታ። እንግሊዝም ለንደን፣ ኋላም ቦምቤይ ላይ አስመታች፤ ፓሪስና ብራስልስም አልቀሩም። ልዩነቱን የሚናገሩት የንግሥቲቱ ጌጥ ሉሎችና የንስሩ ጅራት ላባዎች ናቸው። የጥንቱ ነጋዴ ሉሉን ቆጥሮ ይቀበል ነበር ይባላል፤ የዛሬው ለምን ተወው?

ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ ብዙ ዓይነት ገንዘብ በከተማዋ አልፏል። በየሣጥኑ ያለው ጠገራ የተደባለቀ ቢሆን አያስገርምም።

ደላላው ግን ሕልም አይሽጥ። የሮማውና የለንደኑ በብዛት ስለተመቱ ጭማሪያቸው አነስተኛ ነው። ዋጋ የሚያወጣው ጥንታዊው ምት ነው፤ ያውም ካልተበሳ፣ ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ካልተበየደበት። ለማሳመር ተብሎ የተፈገፈገም ይረክሳል። ወደ ውጭ ለመላክ ያሰበ ደግሞ አስቀድሞ የቅርስ ፈቃድ ያጣራ። ብር ሠሪውስ? ከማቅለጡ በፊት በአጉሊ መነጽር አንድ ጊዜ ቢያየው የሚያጣው ሁለት ደቂቃ ነው።