ማኅተሙን አትመኑ

እናንት አቻዎቼ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ ሱቅና ምግብ ቤት ይዛችሁ ያረጃችሁ፣ ሽምግልናችን ከሽፎባችሁ ፌዴራል ፍርድ ቤት የቆማችሁ፤ ስለ ፕሮቴክቲቭ ኦርደር አንድ ነገር ስሙኝ።

ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ዳኛ የሚያጸድቁት ይህ ትእዛዝ፣ ማስረጃ ስትለዋወጡ የዋጋ ዝርዝራችሁና የደንበኞቻችሁ መዝገብ ከክሱ ውጭ እንዳይውል ያግዳል። መልካም ነው። ነገር ግን «ምስጢራዊ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ገጽ ለዘላለም የተቆለፈ ይመስላችኋል። አልተቆለፈም! የሰሜን ካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያዘጋጀው የስምምነት ናሙና ራሱ ገና ሲጀምር ይነግራችኋል፤ ትእዛዙ ሁሉን ወረቀት አይሸፍንም፣ ሰነድ በዝግ ለማስገባትም መብት አይሰጥም። ያንን ገጽ ከአቤቱታ ጋር አያይዛችሁ ስታስገቡ በዝግ እንዲያዝ ለብቻው፣ ምክንያቱን ዘርዝራችሁ ማመልከት አለባችሁ።

አቤቱታው የክሱን ፍሬ ነገር የሚወስን ከሆነማ መለኪያው ይጠብቃል። ዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2006 በካማካና ጉዳይ እንዳለው አስገዳጅ ምክንያት ይጠየቃል፤ ኀፍረት ወይም ሌላ ክስ ይመጣብኛል የሚል ስጋት ብቻውን አይበቃም። እኛ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ለስማችን ነው የምንፈራው። ዳኛው ካልፈቀዱ ወረቀቱ ፔሰር በተባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የመዝገብ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ተፎካካሪያችሁ ገጹን በ10 ሳንቲም ያነበዋል።

ታዲያ ሁሉንም «ምስጢራዊ» ብለን እናትመው አትበሉ። ናሙናው በጅምላ ማተምን ይከለክላል፤ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን አፋችን ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ። የባላጋራችሁ ምስጢራዊ ሰነድ ለዚያ ክስ ብቻ ነው የተሰጣችሁ፤ ለቅሶ ቤት ወይም ቡና ላይ ብታወሩት ዳኛው የሚቀጡት እናንተን ነው። «ለጠበቃ ዓይን ብቻ» የተባለውንማ እናንተም አታዩትም። የወንድም ልጅ እንግሊዝኛ ስለሚችል ብቻ ሊያነብላችሁ አይገባም፤ ትእዛዙ ከፈቀደላቸው ሰዎች አንዱ መሆን አለበት። ክሱ ሲያልቅም በናሙናው መሠረት በ60 ቀን ውስጥ ወረቀቱ ይመለሳል ወይም ይጠፋል።

እንዲህ ያለውን ሰነድ ላልተፈቀደለት ሰው በዋትስአፕ ልካችሁ ከሆነ ነገ ሳትሉ ለጠበቃችሁ ንገሩ፤ ለባላጋራው ወዲያው በጽሑፍ ማሳወቅና ቅጂውን ለመሰብሰብ መጣር ግዴታችሁ ነው።